ፊታችን በሪፖርቱ ላይ

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛዋ ስለ ፎቶ ማንሳት ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል። በየዓመቱ ከማዘጋጀው የሒሳብ ሪፖርት ጋር የአባላት ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ቁጥሩን አገላብጦ የሚያነብ ጥቂት ሰው ነው፤ ፎቶውን ግን ሁሉም ያያል። እንግዲያው ፎቶውም እንደ ቁጥሩ ትክክል መሆን አለበት።

ለእኛ ለወሎ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም ለዓለም አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በማይክል በርክ ዘገባ ታየ። ምስሎቹ እርዳታ አምጥተዋል፣ ነፍስም አድነዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን የወሎ ሴት በፎቶ ስትታይ መሬት ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ የምታንጋጥጥ እንድትሆን የሚጠብቅ ዓይንም ትተው ሄደዋል። በግ አድልባ፣ ማንጎ ሸጣ ብድሯን በቀኗ የምትመልሰው የግራና ሴት ያቺ አይደለችም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የስልኩን ቁመት እዩ። እሷ በርጩማ ላይ ከተቀመጠች አንሺዋም ዝቅ ትበል፤ ካሜራው በዓይኗ ልክ ይሁን። ከላይ ወደ ታች ሲያነሷት ታንሳለች። ፊቷ ሥር መጠጋትም አፍንጫን ያገዝፋል። ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ በመጠኑ ማቅረብ ይሻላል።

ብርሃን! የግራና ፀሐይ በስድስት ሰዓት ምሕረት የላትም፤ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ትጥላለች፣ ግንባርን ታበራለች። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ወዲያ መልካም ነው። የግድ በቀትር ከሆነ በረንዳ ጠርዝ ላይ፣ ጥላው ውስጥ ሆና ፊቷን ወደ ደጅ ታዙር። ማንጎ ዛፍ ሥር የሚወድ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። በቅጠሉ መሐል የሚሾልከው ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ቆዳውንም ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል።

ነጠላ ስትለብሱ ስልኩ በንጣቱ ይታለልና ፊትን ያጠቁራል። መስታወቱ ላይ ፊቷን በጣት ነካ አድርጉ፤ በብዙ ስልክ የፀሐይ ምልክት ይወጣል፣ በእሷ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የነጠላው ጥለት ከጠፋ በዝቷል ማለት ነው። ጥቁር ሂጃብ የለበሰች እህት ደግሞ ከጨለማ በር ፊት አትቁም፤ ልብሷ ከጀርባው ጋር ይዋሃዳል።

ከተነሳ በኋላስ? ጠርዙን መቁረጥ፣ ጠመም ያለውን ማቅናት፣ ጨለም ያለውን ትንሽ ማብራት ይበቃል። ቆዳ የሚያቀላውን ማስዋቢያ ግን አጥፉት። የእናቶቻችንን የአንገት ንቅሳትና የፊት መስመር እንደ እድፍ ይጠርገዋል። እኔ በሒሳብ መዝገብ ላይ ፍቄ አልጽፍም፤ ይህም ያው ነው። ዋናውን ፎቶ ሳትነኩ አስቀምጡ፣ በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል መልክ ላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

ፈቃድ ከማንሳት በፊት ይጠየቃል። ፎቶው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው ይነገራት፤ ከተነሳች በኋላም ትየው። "ይቅር" ካለች እዚያው ፊቷ ይጠፋል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ፊቷ እንዲታይ የማትፈልግ ካለች እጇንና ሥራዋን ማንሳት ይቻላል፤ ሰፌድ የምትሰፋ እጅ ብዙ ትናገራለች።

ደጋፊዎቻችንም ለጉብኝት ስትመጡ እንዲሁ አድርጉልን፤ አንድ ቅጂ ታትሞ ለባለቤቷ ይድረስ። በየዓመቱ ፎቶ ተነስተው የራሳቸውን ምስል አይተው የማያውቁ አባላት አሉን።

ለዘንድሮው ሪፖርት የፊታችን ቅዳሜ ከቁጠባው በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ እንጀምራለን። የወደዳችሁትን ልብስ ለብሳችሁ ኑ። የቁጠባ ደብተራችሁንም እንዳትረሱ።