የተሰረዙት ናሙናዎች፦ የተላላፊ በሽታ ተሕዋስያንን የሚያጠኑ ወጣት ተመራማሪዎችን ስለ ማፍራት



ወጣት ተመራማሪዎችን እንዴት እናፍራ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ውይይታችን የሚያልቀው በመሣሪያ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ አልክደውም። ይሁን እንጂ አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉና፣ ዛሬ ከመሣሪያው ስለሚቀድመው ነገር መናገር እመርጣለሁ።

ከዓመታት በፊት የማማክረው አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የወባ ምርመራ ውጤቱን በሰንጠረዥ አቅርቦልኝ ነበር። የፈጣን መመርመሪያው ውጤትና የማይክሮስኮፕ ንባቡ አንድም ቦታ አይለያዩም። አመሰገንሁት። ሊወጣ ሲል ግን «ያልተስማማ ናሙና አልነበረም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጥቂቶች ነበሩ፤ ስሕተት መስለውኝ ሰረዝኋቸው» አለኝ። ስላይዶቹም ታጥበው ለሌላ ሥራ ውለው ነበር። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ የሚያስመሰግነው ንጹሕ ሰንጠረዥ መሆኑን ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ።

ያ ስረዛ እስከ ዛሬ ለምን እንደሚከነክነኝ ላስረዳ። በሀገራችን በሰፊው ሲሠራባቸው የቆዩት ፈጣን መመርመሪያዎች ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተሕዋስ የሚለዩት ኤችአርፒ-2 የሚባል ፕሮቲን በደም ውስጥ በመፈለግ ነው። ተሕዋሱ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረ መል ካጣ፣ ሰውየው በወባ ታሞ ሳለ መመርመሪያው «የለበትም» ሊል ይችላል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት አሳትመዋል። በዘረ መሉ መጥፋት ምክንያት፣ በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚመረኮዝ መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚስት ገምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይለወጥ የሚለው ደግሞ በዚህ ሰበብ የሚመጣው ስሕተት ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ተመራማሪዎቹን ወደ ዘረ መሉ የመራቸው ምን ይመስላችኋል? ምርመራዎች እርስ በርስ ያልተስማሙባቸው ናሙናዎች ናቸው፤ የእኔ ተማሪ ከሰረዛቸው ዐይነት።

ጉዳዩ ከአዊ ሩቅ አይደለም። እንጅባራ ደጋ ብትሆንም ከዞናችን ወረዳዎች ጃዊ የወባ ቆላ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላ የወረደ ወጣት ትኩሳቱን ይዞ ወደ ዳንግላ ወይም ወደ እንጅባራ ይመለሳል። መመርመሪያው በሐሰት «ነጻ ነህ» ብሎ የሚያሰናብተው እርሱን ነው። የተሰረዘ ናሙና ለእኛ አንድ መስመር ነው፤ ለእርሱ ግን ሕይወቱ ነው።

ከዚህ የቀደመም አብነት አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በሚገኘው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብዙ ሰው ያን ወንዝ አይቶት አልፏል። እርሳቸው ግን ቆሙ፤ ጠየቁ፤ የእንዶዱን ውኃ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከሩት። መጀመሪያ የተሠራበት መሣሪያ ዐይንና ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተውና አሁን በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የዚያ ጥረት ፍሬ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ምልከታው የአንድ ቀን ነበር፤ ዓለምን ማሳመኑ ግን ዓመታት ፈጀ፤ እዚሁ የተገኘው ውጤት በውጭ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ አልታመነምና።

ስለዚህ ሥልጠናችን ሁለት ነገሮችን አብሮ ማስተማር አለበት፤ ያልተጠበቀውን ማየትን፣ ያዩትንም ማንም ሊጠራጠረው በማይችል መንገድ መመዝገብን። ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የቤተ ሙከራ መዝገብ በቀለም ይጻፍ፤ ስሕተት ቢኖር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የፊቱ ጽሑፍ እንደሚነበብ ሆኖ፣ ቀንና ፊርማ ይኑርበት። በጊምሳ የተቀለመውን እያንዳንዱን ስላይድ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያውቅ ሁለት ሰዎች ያንብቡት፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመር፤ ስላይዱም ይቀመጥ። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያልተሳካውንና ያልተስማማውን ብቻ የምንወያይበት ይሁን፤ በዚያም ጉባኤ መጀመሪያ ስሕተቱን የሚናገረው መምህሩ ይሁን። በትብብር ጥናት ላይ የሚሰማራ ወጣት ናሙና ሰብሳቢ ሆኖ አይቅር፤ ጥያቄውን ከመቅረጽ እስከ መተንተን ድረስ ድርሻ ይኑረው። ውጤቱም ደሙን ወደ ሰጠው ሰውና ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእንግዲህ ወደ ቢሮዬ ስትመጡ የምጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ያልተስማማው የትኛው ነው?» የሚል ይሆናል። «የለም» ብትሉኝ እንደ ቀድሞው አላመሰግናችሁም፤ መዝገቡን አብረን እንገልጣለን።