በደረሰኙ ላይ ያልነበረው ፌሮ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ወደዚህ መድረክ ሲወጣ እንደ ልማዱ የገቢና የወጪ ሠንጠረዥ ያነባል፤ እናንተም በትዕግሥት ታዳምጡናላችሁ። የዘንድሮው ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስለሚገኝ በተሰጠን ጊዜ ስለ አንድ ነገር ብቻ እንነጋገራለን፤ ስለ ብሎኬት ግድግዳ። "የሂሳብ ሰዎችን ከብሎኬት ጋር ምን አገናኛቸው?" ትሉ ይሆናል። ያገናኘን የራሳችን ጥፋት ነው።

አንዲት እህታችን፣ ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፣ እናቷን ከአገር ቤት ልታመጣ ስትዘጋጅ ከቤቷ ጀርባ አንድ ክፍል ለመጨመር ከተዘዋዋሪ ብድራችን ገንዘብ ጠየቀች። ቤቷ ፎርት ማየርስ አካባቢ ነው። ጥያቄዋ ለእኛ ቀረበ፤ መርምረን ፈቀድን። በሰው በሰው የተገኘ ግንበኛ ሥራውን ጀመረ። በየሳምንቱ ደረሰኝ ይመጣልናል፤ ብሎኬት ይህን ያህል፣ ሲሚንቶ ይህን ያህል ከረጢት፣ አሸዋ፣ እንጨት፣ የጣሪያ ክዳን። ደመርን፣ ከብድሩ ጋር አመሳከርን፣ ሳንቲም አልጎደለም። ፋይሉን በደስታ ዘጋን። እማማም መጡ፤ ክፍሉን አይተው መረቁን።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 ሀሪኬን ኢያን የፍሎሪዳን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ መታ። የብስ ሲረግጥ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 150 ማይል፣ ማለትም 240 ኪሎ ሜትር ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህታችንና እናቷ አስቀድመው ወጥተው ሌላ አባላችን ቤት አድረው ነበር። ሲመለሱ የድሮው ቤት ግድግዳ ቆሟል። አዲሱ ክፍል ግን ጣሪያው ተነሥቶ ሄዷል፣ የጀርባው ግድግዳ ወደ ውጭ ወድቋል። በዚያው በተከፈተው በኩል ዝናቡ ገብቶ የድሮውንም ቤት ወለልና ዕቃ አበላሽቷል። የባሕሩ ውሃ እዚያ ሰፈር አልደረሰም፤ ያፈረሰው ነፋስ ነው።

ከወደቀው ግድግዳ ብሎኬቶቹን አንሥተን አየናቸው። ቀዳዳቸው ባዶ ነበር፤ አንድም ፌሮ የለም። ወደ ቢሮ ተመልሰን የዘጋነውን ፋይል ከፈትን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረሰኝ ፌሮ የሚል መስመር የለም። የተጻፈውን ሁሉ በትክክል ደምረናል፤ ሊጻፍ ሲገባው ያልተጻፈውን ግን አላየንም። የኢንሹራንሱ ድርጅት የግንባታ ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቃድ አልወጣም ነበርና ለዚያ ክፍል አልከፍልም አለ። እህታችን የፈረሰ ክፍል ዕዳ እየከፈለች ነው፤ ያንን ብድር ያጸደቀው ደግሞ የእኛ ፊርማ ነው።

ለምን እንዳላየን ራሳችንን ጠይቀናል። አንዱ ምክንያት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ዓይን ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የአርማታ ኮሎን ይቆማል፣ በላዩ ቢም ይታሰራል፤ ብሎኬቱ የሚገባው በመካከል ያለውን ክፍት ቦታ ለመድፈን ነው። ጣሪያውን የሚሸከመው ኮሎኑና ቢሙ ነው። ስለዚህ የብሎኬቱን ቀዳዳ ማንም አይጠይቅም። ፍሎሪዳ ውስጥ በብዙ ቦታ ግን እንደዚያ ያለ ኮሎን የለም፤ ጣሪያውን የሚሸከመውም፣ ነፋሱን የሚመክተውም ራሱ ብሎኬቱ ነው። ኮሎኑ ያለው በቀዳዳው ውስጥ ነው። ቀዳዳው ባዶ ከሆነ ኮሎን የሌለው ቤት ሠራን ማለት ነው። እኛ ግን "ብሎኬት ነው፣ ምን ይሆናል" ብለን ነበር።

ነፋስ ግድግዳን ሲመታ የሚሆነውን በቁጥር እናስቀምጠው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 150 ማይል የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ጫማ ላይ በግርድፉ 57 ፓውንድ ያህል ግፊት አለው። 10 ጫማ ርዝመትና 8 ጫማ ቁመት ባለው አንድ ግድግዳ ላይ ሲሰላ ከአራት ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ነፋሱ ደግሞ መግፋት ብቻ አይደለም፤ በጀርባ በኩል ያለውን ግድግዳና ጣሪያውን ወደ ውጭና ወደ ላይ ይስባል። መስኮት ወይም የጋራዥ በር ከተሰበረ ነፋሱ ውስጥ ገብቶ ቤቱን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ብሎኬት ከላይ ሲጫኑት አይበገርም። ሲያጎብጡትና ወደ ላይ ሲጎትቱት ግን በሲሚንቶው መጋጠሚያ ላይ ይከፈታል። መጎተትን የሚችለው ብረት ነው። ፌሮ የሚገባው ለዚህ ነው።

በደንብ የተሠራ ግድግዳ እንዴት እንደሚሠራ ከመሐንዲስና ከግንበኞች ጠይቀን የተረዳነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ። አባላት ሥራ ስታሠሩ ቆማችሁ ልታዩት የምትችሉት ነው።

የመጀመሪያው መሠረቱ ነው። አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ጫፋቸው የታጠፈ ቋሚ ፌሮዎች ከመሠረቱ ፌሮ ጋር ይታሰራሉ፤ ከመሠረቱ በላይ ብቅ ብለው ይቀራሉ። በየማዕዘኑ፣ በእያንዳንዱ በርና መስኮት ግራና ቀኝ፣ በመካከልም ፕላኑ በሚያዘው ርቀት መኖር አለባቸው። አርማታው ከደረቀ በኋላ "ረሳነው" ቢባል ማረሙ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ድርደራው ነው። ብሎኬቱ ሲደረደር ቀዳዳዎቹ ከታች እስከ ላይ አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። አንድ ረድፍ 8 ኢንች ስለሆነ 8 ጫማ ግድግዳ 12 ረድፍ ነው። ግንበኛው በየረድፉ የሚንጠባጠበውን ሲሚንቶ ካልጠረገ ቀዳዳው ውስጥ ተከማችቶ መንገዱን ይዘጋዋል። ፌሮ በሚገባበት ቀዳዳ ሥር፣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይተዋል። በዚያ በኩል ቆሻሻው ይጠረጋል፤ ተቆጣጣሪውም ጎንበስ ብሎ ፌሮውን ያያል።

ሦስተኛው ፌሮው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚህ ቁጥር 5 የሚሉት፣ በእኛ አገር አጠራር ባለ 16 የምንለው ነው። ከመሠረቱ ከወጣው ፌሮ ጋር ጎን ለጎን ተደራርቦ ይታሰራል፤ መደራረቢያው ብዙ ጊዜ 30 ኢንች ያህል ነው። ጫፍና ጫፉ ቢነካካ ብቻ አልተያያዘም።

አራተኛው ሙሌቱ ነው። ቀዳዳው የሚሞላው ብሎኬት በሚያያይዘው የግንብ ሲሚንቶ አይደለም። ግራውት በሚሉት፣ ጠጠሩ በደቀቀና እንደ ሊጥ በሚፈስ አርማታ ነው። ወፍራም ከሆነ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከላይ ሲያዩት የሞላ ይመስላል፣ ከታች ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ሲፈስ ይጠቀጠቃል፣ በታችኛው ክፍት ቦታም መድረሱ ይታያል።

አምስተኛው የላይኛው ቀለበት ነው። በመጨረሻው ረድፍ ላይ እንደ ገንዳ የተቦረቦረ ብሎኬት ይደረደራል፤ በውስጡ አግዳሚ ፌሮ ቤቱን ዙሪያውን ይዞራል፤ ቋሚዎቹ ፌሮዎችም ታጥፈው ከእሱ ጋር ይታሰራሉ፤ ከዚያ በአርማታ ይሞላል። አገር ቤት ታይ ቢም የምንለው ነው። አርማታው ሳይደርቅ የብረት ማሰሪያዎች ይተከሉበታል፤ እያንዳንዱ የጣሪያ እንጨት በእነዚህ ማሰሪያዎች ተጠምዶ በምስማር ይመታል።

እንግዲህ ጣሪያው ከማሰሪያው፣ ማሰሪያው ከቢሙ፣ ቢሙ ከቋሚው ፌሮ፣ ፌሮው ከመሠረቱ ጋር ተያያዘ ማለት ነው። ነፋስ ጣሪያውን ሲስብ መሠረቱን ጭምር መንቀል ይኖርበታል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን የሌሎቹ ጥንካሬ አያድንም።

ይህ ትምህርት በብዙ ሰው ኪሳራ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1992 ሀሪኬን አንድሩ ከማያሚ በስተደቡብ ያለውን አካባቢ ሲያወድም በዴድ ካውንቲ ብቻ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ባለሙያዎች ፍርስራሹን ሲመረምሩ የብሎኬት ቤቶችም ወድቀው አገኙ። በሪፖርታቸው ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል የቋሚ ፌሮ አለመኖር ወይም ማነስ፣ የታይ ቢምና የማሰሪያ ጉድለት ይገኙበታል። የግንባታው ደንብ ጠበቀ፤ ከማርች 1 ቀን 2002 ጀምሮም መላው ፍሎሪዳ በአንድ የግንባታ ሕግ እንዲተዳደር ተደረገ። ቤት ልትገዙ ስትሉ "በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?" ብላችሁ ጠይቁ የምንለው ለዚህ ነው። ለተጨመሩ ክፍሎች ደግሞ ለብቻቸው ጠይቁ፤ የፈቃዱ መዝገብ በካውንቲው ወይም በከተማው የግንባታ ቢሮ ይገኛል።

ቀድሞ የተሠራ ቤት ያላችሁ አትደንግጡ። የቆመን ግድግዳ ከፍቶ ፌሮ ማስገባት ውድ ነው፤ በመሐንዲስ ምክር ካልሆነ አይሞከርም። ነገር ግን የጣሪያውን ማሰሪያ ማጠናከር፣ የጋራዡን በር ነፋስ በሚችል መለወጥ፣ ለመስኮቶች መከለያ ማዘጋጀት ይቻላል። የቤቱን የነፋስ መከላከያ የሚመረምር ባለፈቃድ ባለሙያ ጣሪያ ሥር ገብቶ ማሰሪያዎቹን ፎቶ ያነሣል፤ ቤቱ መስፈርቱን ካሟላ ኢንሹራንሱ ከክፍያችሁ ላይ ቅናሽ ማድረግ አለበት። ይህን ሳትጠይቁ በየዓመቱ ሙሉውን የምትከፍሉ አባላት እንዳላችሁ እናውቃለን።

ከኢንሹራንሱ ውል ላይ ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛ፣ የሀሪኬን ጉዳት ሲደርስ ከራሳችሁ የምትከፍሉት መጀመሪያ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። ቤታችሁ በ300,000 ዶላር ከተመዘገበና ውሉ 2 በመቶ ካለ 6,000 ዶላር፣ 5 በመቶ ካለ 15,000 ዶላር ከኪሳችሁ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት አይሸፍንም፤ ጎርፍ ለብቻው ነው የሚገዛው። ፌሮ ያለው ግድግዳ የሚመክተው ነፋስን ነው። ባሕር ገፍቶ ሲመጣ ግን ውጡ የተባለ ሰፈር መውጣት አለበት፤ ለዚያ ምንም ግድግዳ ዋስትና አይሆንም።

እኛስ ምን አደረግን? የብድር መመሪያችንን ቀይረናል። ለግንባታ የሚሰጥ ብድር ከእንግዲህ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሚሰጠው የግንባታ ፈቃዱ ቅጂ ሲቀርብ ነው። ሁለተኛው የሚለቀቀው መሠረቱ ተመርምሮ ሲፈረምና ቋሚዎቹ ፌሮዎች ቆመው የተነሣ ፎቶ ሲደርሰን ነው። ሦስተኛው የሚለቀቀው ተቆጣጣሪው የግድግዳውን ቀዳዳ ሳይሞላ አይቶ ከፈረመ በኋላ ነው። ደረሰኝ ስንቀበልም ከአንድ መሐንዲስ ጋር ያዘጋጀነውን ዝርዝር አጠገቡ እናስቀምጣለን፤ ዝርዝሩ ላይ ኖሮ ደረሰኙ ላይ የሌለ ነገር ካለ እንጠይቃለን። ይህ ሥራችሁን በሳምንታት ሊያዘገየው ይችላል፤ ቅሬታችሁን ከአሁኑ እየሰማን ነው። ቢሆንም አንለውጠውም።

የእህታችንን ጉዳይ በተመለከተ የብድሯ ቀሪ እንዲሰረዝ ለዚህ ጉባኤ ሐሳብ እናቀርባለን። ምሕረት እንድታደርጉላት አይደለም የምንጠይቃችሁ። ስህተቱ የጋራ ስለሆነ ኪሳራውም የጋራ መሆን አለበት ብለን ነው። ደጋፊዎቻችንም ይህ ገንዘብ የት እንደገባ የማወቅ መብት አላችሁ፤ ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ በሌላ ስም ሳንሸፍነው "በቁጥጥር ጉድለት የደረሰ ኪሳራ" ብለን ጽፈነዋል።

የሀሪኬን ወቅት ጁን 1 ይገባል፤ እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። ከዚያ በፊት የቤታችሁን ወረቀት፣ የኢንሹራንሱን ውልና ያስጨመራችሁትን ክፍል ደረሰኝ ይዛችሁ ወደ ቢሮ ብቅ በሉ፤ አብረን እናየዋለን። እማማ አሁን ከልጃቸው ጋር በድሮው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የሚተኙት። ክፍላቸው እንደገና ሲሠራ፣ ቀዳዳው ከመሞላቱ በፊት ሄደን ጎንበስ ብለን እናያለን።

 ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን።