«የትኛው ይቅደም?» ብሎ መጠየቅ ስንፍና አይደለም

(በአረቅጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የቀረበ የግንዛቤ ማስጨበጫ ንግግር)

ይህን የአረቅጥን ብርድ ችላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሩቅ ቀበሌ በእግር ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስብሰባ ተብሎ ሲጠራ የሁላችንም ፊት እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ «ደግሞ ምን ሊጨምሩብን ይሆን?» የማይል የለም። ዛሬ የሚጨመር የለም። የምንነጋገረው እስካሁን ስለተጨመረው ነው።

ጉራጌ በሥራ አይታማም። ከዚህ ደጋ ወርዶ አዲስ አበባ ላይ በሊስትሮነት ጀምሮ ሱቅ የከፈተውን፣ መርካቶን ያደራውን ሰው አገር ያውቀዋል። በ1950ዎቹ ከኪሱ አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ማኅበር ያቋቋመ ሕዝብ ነው። እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ይህ መልካም ስም አንድ ጣጣ አለው፤ አፍ ያስይዛል። በሥራ ወዳድነቱ በሚመሰገን ሕዝብ መካከል «ሥራው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» ማለት እንደ ነውር ይቆጠራል። ስለዚህ ዝም እንላለን። ዝም ስንል ደግሞ ሸክሙ አይቀልም፤ ከእኛ ትከሻ ወርዶ እቤት ባለችው አማት፣ ወይም ትንሽ ወንድሟን እንድትይዝ ከትምህርት ቤት በቀረችው ልጅ ላይ ይጫናል።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንውሰድ። ስም አልሰጣትም፤ ግማሻችሁ «እኔን ነው የምትለው» ማለታችሁ ስለማይቀር። ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች። አዛባውን ጠርጋ ለእንሰቱ ታወጣለች፣ ላሟን ታልባለች፣ እሳት አንድዳ ለቁርስ የሚሆን ቆጮ ትጋግራለች። ሁለት ሰዓት ላይ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ትወጣለች። በዚያው ጉዞ ነፍሰ ጡር ትጎበኛለች፣ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ታያለች፣ ለጤና መድን ያልከፈለውን አባወራ እንድታስታውስ ተነግሯታል፤ አባወራው ደግሞ እሷን ሲያይ በጓሮ በር ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ጤና ኬላው ተመልሳ የቤተሰብ ማህደር ትሞላለች። ያንኑ ታብሌት ላይ ትደግመዋለች። ኔትወርክ ከሌለ ጉብታው ላይ ወጥታ ስልኳን ወደ ሰማይ ታነሳለች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልጇ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ ቴሌግራም ይጮኻል፦ «አስቸኳይ! የዘመቻው ሪፖርት እስከ ነገ ጠዋት።» በነገራችን ላይ፣ «አስቸኳይ» የማይል መልእክት ከመጣልኝ ስንት ጊዜ ሆነኝ መሰላችሁ!

ቅዳሜስ? ቅዳሜ እንሰት ይፋቃል። እንሰት ፋቂዋ እግሯን አንስታ የግንዱን ሽፋን ጣውላው ላይ ረግጣ ስትይዝ፣ በቀርከሃው ስትፍቅ፣ ወገብና ጉልበት ምን እንደሚሆኑ ለእናንተ አልነግራችሁም። ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ እስኪብላላ ያለው ጣጣ ሁሉ በባህላችን የሴት ነው። የደመወዝ መዝገቡ ግን ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የሰኞ እስከ ዓርቧን ሠራተኛ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ ከየት እንደተነሳ እናስታውስ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች፣ 16 የጤና ፓኬጆች ነበሩ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ውጤቱ የሚያኮራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ወደ 204 የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር በ2012 ይህ ቁጥር ወደ 68 ወረደ። አገሪቱ የሚሊኒየሙን የሕፃናት ሞት ግብ ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ቀድማ አሳካች። በዚህ ድል ውስጥ የእናንተ እግር አለበት፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ከዚያ ወዲህ ግን ፓኬጁም በዛ፣ ቀበሌውም በሕዝብ ሞላ፣ ዘመቻው በዘመቻ ላይ ተደረበ። ጥሩ የሠራ ሰው ሽልማቱ ሌላ ሥራ ሆነ። በሬም ቢሆን ጥሩ ስላረሰ ማታ ደግሞ እንደገና አይጠመድም።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። አብዛኞቻችን ሕግ ሲባል የሚቀጣን እንጂ የሚጠብቀን አይመስለንም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኛ በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና ክፍያ የማይቀርበት ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ ለወልቂጤም ለአረቅጥም እኩል ነው። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። የክልል ሠራተኛ በክልሉ ሕግ ስለሚተዳደር የራሳችሁን አዋጅ ከሰው ሀብት ጠይቃችሁ አንብቡ፤ መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ባሎቻችሁ ወይም ወንድሞቻችሁ በግል ድርጅት ተቀጥረው ከሆነ ደግሞ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ አይፈቅድም፤ ትርፍ ሰዓቱም ቢሆን በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፣ የሚሠራውም ለተወሰኑ አስገዳጅ ምክንያቶች ብቻ ነው።

የዓመት ፈቃድን በተመለከተ አንድ ልማድ ያናድደኛል። «ፈቃዴን ለሦስት ዓመት አልወሰድኩም» ብሎ እንደ ሜዳሊያ የሚያወራ ሰው አለ። የዓመት ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛው አርፎ በታደሰ ጉልበት እንዲመለስ ነው፤ የሕጉም ዓላማ ይኸው ነው። ፈቃዱን የቀበረ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ውለታ የዋለ ይመስለዋል። ያበረከተው ግን የደከመ ሠራተኛ ነው።

እኛ የጤና ሰዎች ነን፤ ስለዚህ በራሳችን ቋንቋ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በግንቦት 2013 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ዓመት ብቻ፣ ማለትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016፣ 745 ሺህ ሰዎች በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ በስትሮክና በልብ ሕመም ሞተዋል። በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ከፍ ይላል። በሽተኛን «ደም ግፊትህን ተለካ፣ ዕረፍ» እያልን የራሳችንን ክንድ ለመለኪያው የምንሰጠው መቼ ነው?

ሰውነት ከመውደቁ በፊት ደግሞ ልብ ይዝላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሥራ ጫና የሚመጣ መታከት በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጉልበት ሙጥጥ ብሎ ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና መማረር፣ ሠርተውም ውጤት ያመጡ አለመምሰል። እናንተ ግን መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። እናት ልጇን አዝላ ስትመጣ ቀና ብላችሁ ዓይኗን ሳታዩ ካርዷን መሙላት ከጀመራችሁ፣ ነገሩ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። አዋላጅ ነርሶች ከሌሊት ዲዩቲ ወጥተው ጠዋት እንደገና ሲገቡ ይህን ያውቁታል። ለእናቲቱም ደግ አይደለም፤ የዛለ እጅ የመድኃኒት መጠን ይሳሳታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትልቁ ነገር ብቻችሁን አትናገሩ የሚለው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ኃላፊው ቢሮ ገብታ «በዛብኝ» ብትል፣ ሰነፍ ተብላ ትወጣለች። የአንድ ክላስተር ሠራተኞች በአንድነት፣ በጽሑፍ ሲናገሩ ግን ጉዳዩ የአሠራር ጥያቄ ይሆናል።

ይህን ለእኛ ማንም ከውጭ ሊያስተምረን አይገባም። የቃቄ ውርድወትን ታውቋታላችሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ ሴት ባሏን ለመፍታት በማትችልበት፣ አንቂት በሚባለው ልማዳዊ እገዳ ታስራ በምትቀርበት ዘመን፣ በሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በጆካ ፊት ቆማ የሴቶችን መብት የጠየቀች ናት። እንደሚነገረው ብቻዋን አልመጣችም፤ ሴቶችን አስከትላ ነው የመጣችው። ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ሲቀርብ አዲስ አበባ ያጨበጨበላት ለዚህ ነው። እሷ በሸንጎ ፊት ከተናገረች፣ እኛ ለአንድ የቡድን መሪ ደብዳቤ መጻፍ ለምን ያስፈራናል?

በተግባር እንዲህ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ጻፉ። ሁሉንም፤ የታብሌቱን፣ የወረቀቱን፣ የመድኑን፣ የዘመቻውን፣ «ቶሎ ብላችሁ» የተባለውንም። አጠገቡ የሚወስደውን ሰዓት አስቀምጡ። ድምሩን ተመልከቱት፤ ከሰባት ቀን በላይ ቢወጣ አትደንግጡ። ከዚያ ወረቀቱን ለኃላፊው አቅርባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይዘግይ?» ይህ «አልሠራም» ማለት አይደለም። ውሳኔውን ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው። አሁን ውሳኔውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ በእኩለ ሌሊት፣ በድካም፣ ብዙ ጊዜም የልጆቻችሁን ጊዜ በመቀነስ።

እዚህ ያላችሁ ኃላፊዎችም ቅር አይበላችሁ። እናንተንም ከበላይ የሚጨቀጭቅ እንዳለ እናውቃለን። ቁጥር ሲጠየቅ ቁጥር ማቅረብ ግድ ነው። ነገር ግን አንድ መረጃ በወረቀትም በታብሌትም በቴሌግራምም ሦስት ጊዜ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱን ማስቀረት የእናንተ ሥልጣን ነው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ወረርሽኝ ወይም የእናት ሕይወት ካልሆነ በቀር መልእክት አለመላክም ገንዘብ አይጠይቅም። በ2011ም በ2017ም በአገሪቱ የሕክምና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ያነሱት ጥያቄ ትልቅ ነው፤ በአንድ አዳራሽ አይፈታም። እኔ ዛሬ የምለው ግን በዚህ አዳራሽ ሊፈታ የሚችለውን ነው።

ለወንዶች አንድ ቃል። መቼም እንሰት መፋቅ ለወንድ ነውር ነው ትሉኛላችሁ። እሺ፣ አትፋቁ። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ልጅ ማስተኛት፣ አዛባ ማውጣትስ የትኛው ጆካ ነው የከለከላችሁ? ሚስቶቻችሁ ደመወዝ ሲያመጡ ብሩን የምትቆጥረው እጅ ጣሳ አንስታ ላም ብታልብ አትሰበርም። እንሰቱንም ቢሆን ሴቶቹ በደቦ ተራ ገብተው ሲፍቁ ልጆቹን የሚይዝ አንድ አባት ቢገኝ ቅዳሜያቸው ግማሽ ይሆናል። መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ በሚስቶቻችሁ ትከሻ ላይ እንደሚያርፍም አትርሱ።

አሁን ወደ ሥራችን እንሂድ። ከእናንተው በተሰበሰበ አስተያየት ሁለት ገጽ ደብዳቤ ተረቅቋል፤ ጠረጴዛው ላይ አለ። የያዘው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ድርብ ሪፖርት ይቅር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ «አስቸኳይ» የሚባለው በግልጽ ይወሰን፣ በዚህ በጀት ዓመት የእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም ወጥቶ ይለጠፍ። አንብቡት፤ የሚስተካከል ካለ አሁን አስተካክሉት። ከዚያ ሁላችሁም፣ ማንም ወደ ኋላ ሳይል፣ ፈርሙበት። እስክሪብቶው እየዞረ ነው፤ ከፊት ረድፍ ጀምሩ።