ወላጁን የማያይ ፍጥረት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በማዳጋስካር ደሴት፣ ዝናም በሚያንሰው በደቡብ ምዕራቡ ጫካ፣ ከእንሽላሊት ወገን የሆነ አንድ ትንሽ እስስት አለ። የፍጥረትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት የላቦርድ እስስት ይሉታል። በዚያ አገር ዝናም ሲጀምር፣ በኅዳር ገደማ፣ ጫጩቶቹ ሁሉ በአንድ ሰሞን ከዕንቁላላቸው ይወጣሉ። ሁለት ወር ያህል ቆይተው ለአካለ መጠን ይደርሳሉ። እንስቲቱ ዕንቁላልዋን በአፈር ውስጥ ትቀብራለች፤ እስከ መጋቢትም ታላላቆቹ ሁሉ ሞተው ያልቃሉ። ዕንቁላሉ 8 ወይም 9 ወር ከመሬት በታች ይቆያል፤ ከወጣ በኋላ ግን ዕድሜው 4 ወይም 5 ወር ብቻ ነው። ይህ ምርመራ የታተመው በ2000 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ በዚያ ስፍራ ወገኑ በሙሉ የተቀበረ ዕንቁላል ነው። የሚወለደው ወላጁን አያይም፤ የሚሞተውም ልጁን አያይም። ሆኖም ቅርንጫፍ መጨበጡን፣ ምላሱን ወርውሮ ነፍሳትን ማደኑን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ፈጣሪው በባሕርዩ አኑሮለታልና።

ሰው ግን ጸሎትን፣ ጾምን፣ ምጽዋትን አውቆ አይወለድም፤ ካየውና ከሰማው ይማራል እንጂ። ስለዚህ እግዚአብሔር አባትንና ልጅን በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ዓመት እንዲኖሩ አደረገ።

እኔ በልጅነቴ አኩፋዳ አንግቤ ለትምህርት ከቤት ወጣሁ፤ ከዓመታት በኋላ ስመለስ አባቴን በመቃብር አገኘሁት። ገበሬ ነበረና ፊደል አያውቅም ነበር። ነገር ግን በየማለዳው በሬዎቹን ሳይጠምድ አስቀድሞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሲሰግድ አየው ነበር። ጸሎትን ከመጽሐፍ በፊት የተማርሁት ከዚያ ስግደት ነው፤ እስከ ዛሬም ስንቄ እርሱ ነው።

ዛሬ ግን ልጁ ሳይነቃ የሚወጣ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ የሚገባ አባት ብዙ ነው። የዕለት እንጀራ ፍለጋ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ልጁ የአባቱን ስግደት ካላየ፣ በአንድ ቤት እየኖሩ ከዚያ እስስት በምን ይሻላሉ? ለእስስቱ ጊዜ አልተሰጠውም፤ ለእኛ ግን ተሰጥቶናል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ ቁሙ፤ አቡነ ዘበሰማያትንም አብራችሁ ድገሙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።