የአባት ወዳጆች በስልክ ማውጫው ዳር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ ብዙ ልጆቻችን ስለማያውቁት ስለ ወፍራሙ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ ጥቂት እንነጋገራለን። ያን ጊዜ ስልክ የገባበት ቤት የሠፈሩ ሁሉ ቤት ነበር። "ስልክ ተደውሎላችኋል!" እያለ ልጅ ወደ ጎረቤት ይሮጣል። በብዙ አገሮች ማውጫ በቤተሰብ ስም ሲደረደር፣ የእኛ ግን በሰውየው በራሱ ስም ይጀምራል፤ የአባቱ ይከተላል። ስለዚህ ሙሐመድ አሕመድን የሚፈልግ ሰው የአያቱን ስም ካላወቀ ከአንዱ ሙሐመድ ወደ ሌላው እየደወለ ይቅርታ ሲጠይቅ ይውል ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን ለመቀጠል የዘር ሐረግን ማወቅ እንደሚያስፈልግ አስተምረዋል።

የማውጫው ትልቁ ሀብት ግን ከታተመው ይልቅ በእጅ የተጻፈው ነው። አባቶቻችን በሽፋኑ ውስጥና በገጹ ዳር የወዳጆቻቸውን ስምና ቁጥር በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። የንግድ ሸሪካቸው፣ አብሯቸው ቁርኣን የቀራው፣ በችግር ቀን የደረሰላቸው ሰው ሁሉ እዚያ አለ። አባት ሲሞት ያ ጽሑፍ ለልጆቹ ውርስ ነው።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ መካ ሲጓዙ አንድ የገጠር ዐረብ አገኙ። ሰላም ብለው የሚጋልቡትን አህያ ሰጡት፤ የራሳቸውንም ጥምጣም ፈትተው አለበሱት። ባልንጀሮቻቸው፣ የገጠር ሰው በትንሽ ነገር ይደሰት የለም ወይ ብለው ተገረሙ። እርሳቸውም የሰውየው አባት የአባታቸው የዑመር (ረ.ዐ) ወዳጅ እንደነበረ ነገሯቸው። ከበጎ ሥራ ሁሉ በላጩ የአባትን ወዳጆች ዝምድና መቀጠል መሆኑንም ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ገለጹ።

እንግዲህ ወላጆቹ የሞቱበት ሰው በጎ መዋያው በር አልተዘጋበትም ማለት ነው። ዛሬ ሞባይላችን ውስጥ የእኛ ወዳጆች ብቻ አሉ፤ የአባታችን ወዳጆች ግን በአሮጌው ማውጫ ዳር ቀርተዋል።

ስለዚህ አሮጌ ማውጫ በቤታችሁ ካለ፣ ለሱቅ መጠቅለያ ከመስጠታችሁ በፊት ገጾቹን እዩ። ዐብዱላህ፣ ዐብዱረሕማን የሚሉ ስሞች የአላህን ስም ስለያዙ ወረቀቱ በየቆሻሻው መውደቅ አይገባውም። በእጅ የተጻፉትን ስሞች ቅዱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአገራችን የስልክ ቁጥሮች ስለተለወጡ የድሮው ቁጥር እንዳለ አይሠራም። ስሙ ግን አለ፤ በመስጊዱ፣ በሠፈሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ጠይቁ። በሕይወት ካለ ዘይሩት፤ ከሞተ ዱዓ አድርጉለት፣ ልጆቹንም ጠይቁ። "የእገሌ ልጅ ነኝ" የሚለው ቃል ለአንድ ብቸኛ ሽማግሌ ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ደውላችሁ እዩት።

አላህ (ሱ.ወ) ለወላጆቻችን ይማርልን፤ ወዳጆቻቸውን የምናከብር ልጆች ያድርገን። አሚን።