የሞለኪውል ርዝመትና የገመድ ጥንካሬ በደጋ ፀሐይ ሥር



በጎንደርና በደባርቅ ገበያ የጠፍሩንና የቃጫውን ገመድ ቦታ የፕላስቲክ ገመድ እየወሰደ መምጣቱን ሁላችሁም ትመለከታላችሁ። ዋጋው ረከስ፣ ክብደቱ ቀለል ያለ ነው፤ ውሃም አያበሰብሰውም። ነገር ግን የሊማሊሞን ቁልቁለት በሚወርድ መኪናም ሆነ በስሜን ገደል አፋፍ በምትሄድ በቅሎ ላይ ጭነቱን የያዘው ይኸው ገመድ ነውና፣ የጥንካሬውን ምንጭ መመርመር ይገባናል።

ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ሲሆን፣ የሞለኪውል ክብደቱ ጨመረ ማለት ሰንሰለቱ ረዘመ ማለት ነው። ጥጥ የምትፈትል እናት ቃጫው አጭር የሆነ ጥጥ ቶሎ ቶሎ እንደሚበጠስባት ታውቃለች፤ አጫጭሩ እርስ በርሱ በቂ መያያዣ ስለማያገኝ ይንሸራተታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ስለ ድሩ ርዝመት ግን ተረቱ ያለን ነገር የለም።

በዱፖንት ኩባንያ የዋላስ ካሮዘርስ ባልደረቦች ይህን በ1930 እ.ኤ.አ. በገሃድ አይተውታል። ውሃውን እያስወገዱ የሞለኪውል ክብደቱን ከ10,000 በላይ ያደረሱትን ፖሊስተር ጁልያን ሂል ቀልጦ ሳለ ቢስበው እንደ ክር ተመዘዘ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ገና ሲሳብም ብዙ እጥፍ ረዝሞ ጠነከረ። የተጠላለፉት ሰንሰለቶች ሲሳቡ በክሩ አቅጣጫ ይሰለፋሉና። ታዲያ ሰንሰለቱን ያለ ልክ ለምን አናስረዝመውም? ርዝመቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ የቀለጠው ፖሊመር ለመፍሰስ ያለው እምቢተኝነት 10 እጥፍ ያህል ስለሚጨምር፣ ፋብሪካው በጠባብ ቀዳዳ ሊያሳልፈው ይቸገራል።

የእኛ ችግር ግን የሚጀምረው ገመዱ ከተገዛ በኋላ ነው። ጎንደር ከ2,000፣ ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ይህ ጨረር ከኦክስጅን ጋር ተባብሮ የፖሊፕሮፒሊንን ሰንሰለት ይቆርጣል። አንድ ሰንሰለት ከመሃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቆረጥ የሞለኪውል ክብደቱ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ገመዱ በሚዛን ቢመዘን ያው ነው፤ ውፍረቱም ያው ነው፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል። ፀሐይ ላይ የከረመ የማዳበሪያ ከረጢት በጣት የሚቀደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶቻችን ገመድ ሲገዙ ውፍረትና ርዝመት ብቻ ከመጻፍ ይልቅ፣ ጥሬ ዕቃው በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደሚፈስና የጨረር መከላከያ የተጨመረበት መሆኑን ቢጠይቁ ይበጃል። ፍሰቱ በበዛ መጠን ሰንሰለቱ አጭር ነው። የሰው ሕይወት ለሚንጠለጠልበት ሥራ ፖሊስተር ይመረጥ፤ እርሱም ቢሆን በጥላ ይቀመጥ። ላቦራቶሪ የሌለው ባለ በቅሎ ደግሞ ገመዱን ፈታ አድርጎ የውጪውን ክር ከውስጠኛው ጋር ያነጻጽር፤ ጨረሩ የሚጀምረው ከውጭ ነውና።