ዝም ያሉት አባት ይሰማሉ



አንድ አባት በስትሮክ ይመቱና ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ይላቸዋል፤ አንደበታቸውም ይያዛል። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ከልጆቻቸው ጋር ስለ እርሳቸው እናወራለን እንጂ እርሳቸውን አናነጋግርም። በዚህ ብዙዎቻችን ተሳስተናል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ንግግር ያጣ፣ ነገር ግን የሚባለውን የሚረዳ ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራ በኩል ከፊተኛው ክፍል አገኘው። እንግዲህ ንግግር ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ማስተዋል ጠፋ ማለት አይደለም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች እንደሚመክሩን፣ ሬዲዮኑን ዘግተን ከፊታቸው እንቀመጥ። «ሻይ ይምጣልዎት?» ብለን በራስ ንቅናቄ የሚመለስ አጭር ጥያቄ እንጠይቅና መልሱን በትዕግሥት እንጠብቅ። ቃል ያጠረው አንደበት የለመደውን መዝሙር ሊዘምር ይችላልና አብረን እንዘምር።

ሲመገቡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ፍቅራችንን በጉርሻ ትልቅነት አንለካ፤ ተጋድመው ቢጎርሱ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ ባለሙያ ይያቸው።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሥራ ደግሞ ሰው የዕለት ተግባሩን ራሱ እንዲያከናውን መርዳት ነው። ሲለብሱ የደከመው እጅ ይቅደም፤ ሲያወልቁ ጤነኛው። ቁልፋቸውን እኛ ብንቆልፍላቸው ፈጥኖ ያልቃል፤ እርሳቸው ሲቆልፉ ይዘገያል። ቢዘገይም እንጠብቃቸው፤ ክብራቸው በዚያ ነውና።

በዚህ ሳምንት ሁለት ሁለት እየሆንን ቤት የዋሉ አረጋውያንን እንጠይቅ። ከደጅ ስንገባም ሰላምታችን አስቀድሞ ለእነርሱ ይሁን።